ጫማ አላማጁ

አጎቴ የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ሥራው በወረቀት ላይ ሲታይ ቀላል ነው፤ በተመደቡበት ሰፈር ከቤት ወደ ቤት መዞር፣ የቆጣሪውን ጉድጓድ የብረት ክዳን ማንሳት፣ ጭቃ የለበሰውን መስታወት በጨርቅ መጥረግ፣ ቁጥሩን መመዝገብ፣ ክዳኑን መልሶ መግጠም። በተግባር ግን ሸክሙ ሁሉ የሚያርፈው እግር ላይ ነው። በቀን ከመቶ ሃምሳ የማያንሱ በሮች ይንኳኳሉ፤ አንዳንዱ ከብዙ ጥበቃ በኋላ ይከፈታል፤ አንዳንዱ ጋ ከሰው ቀድሞ ውሻ ይደርሳል። የአንድን ሰው ታሪክ ከእግሩ መጀመር ተገቢ መሆኑን እርግጠኛ አይደለሁም። ሦስት ጊዜ ከልጅነታቸው ጀምሬ ጽፌ ሦስቱንም ቀድጄዋለሁ፤ ስለ እሳቸው የማውቀው ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ የሚደርሰው እዚያው ነው።

የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ኮሌጅ ስገባ ማደሪያ ስላልነበረኝ ከባለቤታቸው ጋር በሚኖሩባት ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ የፊተኛውን ክፍል አንድ ጥግ ለቀቁልኝ። ልጅ አልወለዱም። እኔ «ጋሼ» እላቸዋለሁ፤ ባለቤታቸውን «እትዬ»። የሥራ ባልደረቦቻቸው ግን ሌላ ስም አውጥተውላቸዋል፤ «ጎማው» ይሏቸዋል።

የስሙ ምክንያት እንዲህ ነው። በንባብ ክፍሉ በዓመት አንድ ጊዜ የደንብ ልብስና ጫማ ይታደላል። ጫማው ቁርጭምጭሚትን የሚሸፍን፣ ቆዳው ወፍራምና ደረቅ፣ ሲራመዱበት እንደ አሮጌ በር የሚንቋቋ ነው። በአዲስነቱ አድርጎት የዋለ ሰው በማግስቱ እያነከሰ ይገባል፤ ተረከዙ ውሃ ቋጥሮ፣ ጣቶቹ ተልጠው። ስለዚህም በክፍሉ ውስጥ በየትኛውም መመሪያ ያልተጻፈ አሠራር ነበር። አዲስ ጫማ በመጀመሪያ ወደ አጎቴ ይሄዳል። የአጎቴ እግር ለወንድ አነስ ያለ፣ አርባ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ የሚገጥመው ሁሉ ጫማውን ያስረክባቸዋል። እሳቸው አራት ቀን አድርገውት ይዞሩና አለስልሰው ለባለቤቱ ይመልሱለታል።

ምሳቸውን ለማድረስ ወደ ክፍሉ ስሄድ ይህን ደጋግሜ አይቻለሁ።

«ጎማው፣ የኔን መቼ ነው የምትወስድልኝ?» ይላል አንዱ አንባቢ።

«ወረፋ ያዝ። ካንተ በፊት ሁለት ጥንድ አለ።»

«ለመሆኑ ያ እግርህ ስንት ኪሎ ሜትር ሲሞላ ነው የሚቀየረው?»

«ያንተ ምላስ ሲቀየር አብሮ ይቀየራል።»

ይሳሳቃሉ። አጎቴም ከሁሉም አብልጠው ይስቃሉ። በዚያ ቢሮ ውስጥ እሳቸውን ከሌሎቹ የሚለያቸው ማዕረግም ደመወዝም አልነበረም፤ እግራቸው ብቻ ነበር። ይህን ስል ላቃልላቸው አይደለም። ሰው የሚኮራበት ነገር ከሌለው ምን እንደሚሆን በሌሎች አይቻለሁ።

ባለፈው ዓመት የጫማ እደላ ሲደርስ በክፍሉ አዲስ አንባቢ ተመድባ ነበር። ቀደም ሲል የዚያው መሥሪያ ቤት ጽዳት ሠራተኛ ነበረች፤ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጆች ለብቻዋ የምታሳድግ ሴት። ስትጠርግ የክፍሉን ኃላፊ ሳይቀር «እግርዎን ያንሱ!» ብላ የምታዝ ስለነበረች «እሜቴ» የሚል ስም ወጥቶላታል። እሷም አርባ ቁጥር ነበረች። አጎቴ ጫማዋን ከመውሰዳቸው በፊት እንደ ልማዳቸው አስቀምጠው አስተማሯት። በዚያን ዕለት ምሳ ይዤ ሄጄ ስለነበር ሁሉንም ሰምቻለሁ።

«ካልሲሽ ከረጠበ የትም ሁኚ የት ቁጭ ብለሽ ቀይሪ። ሰው ምን ይለኛል እንዳትዪ፤ ሰው እግር አያበድርሽም» አሏት። «ማሰሪያውን ከቁርጭምጭሚትሽ ላይ ጠበቅ፣ ከጣቶችሽ ላይ ላላ አድርጊው። ተረከዝሽን በደረቅ ሳሙና እሺው። ከሁሉም በላይ ግን ሙቀት ሲሰማሽ ቁሚ። ቆዳ ውሃ ከመቋጠሩ በፊት ቦታው ይሞቃል። ያኔ ጫማሽን አውልቀሽ ፕላስተር ለጥፊበት። እስከሚቀጥለው በር ልድረስ ካልሽ አበቃ።»

«ከቋጠረስ?»

«እንዳትነኪው። ያ ቆዳ ራሱ ፋሻ ነው። መራመድ ከከለከለሽ ግን እጅሽን ታጠቢ፣ መርፌውን በአልኮል ጥረጊ፣ ከጠርዙ በኩል ትንሽ ወጋ አድርገሽ ውሃውን አፍስሺና ሸፍኚው። ቆዳውን ልጠሽ የጣልሽ ቀን እኔ ዘንድ እንዳትመጪ።»

«እርስዎንስ ማን ያክምዎታል?» አለች እሜቴ።

«እኔን?» አጎቴ ቀኝ እግራቸውን አንስተው ወለሉን ረገጡ። «ይሄ ውሃ ከቋጠረ ዓመታት አልፈውታል። ጅማትም ቆዳም አንድ ሆኗል።»

አልዋሹም። እንደዚያ ያምኑ ነበር፤ እኛም ሁላችን እናምን ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት በጤና ጣቢያ «ስኳር አለብዎት» ተብለው ክኒን ታዞላቸዋል። ትዝ ሲላቸው ይውጡታል፤ ሲረሱት ደግሞ ሳምንት ያልፋል። «ትንሽ ስኳር» ይሉታል፤ ቤት ውስጥ እንደተቀመጠ ዝምተኛ እንግዳ ያህል ነበር የሚቆጥሩት። እግራቸውን የሚያማቸው ነገር ቀስ በቀስ እየጠፋ የሄደው ከዚያ ወዲህ ነው። ሁለቱን ነገሮች ያገናኘ ሰው አልነበረም። ዕድሜውን ሙሉ እግሩ ሲያቃጥለው የኖረ ሰው አንድ ቀን ማቃጠሉ ሲለቀው ለምን ብሎ አይመራመርም፤ እፎይ ይላል እንጂ።

ሊያገናኛቸው የሚችል ሰው ከነበረ እኔ ነበርኩ። ባዮሎጂ እማራለሁ። በዚያው ሰሞን ለፈተና የማነበው ምዕራፍ ስለ ነርቮች ነበር። ስኳር ለረጅም ጊዜ ያልተቆጣጠሩት ሰው የእግሩ ነርቮች ሊደነዝዙ እንደሚችሉ፣ እንዲህ ያለው ሰው ሕመም ስለማያስጠነቅቀው እግሩን በየቀኑ በዓይኑ መመርመር እንዳለበት፣ ትንሽ ቁስል እንኳ ቢያገኝ ሳይውል ሳያድር ለሐኪም ማሳየት እንደሚገባው ተጽፎ ነበር። ከሥሩ በእርሳስ አስምሬበታለሁ። ፈተና ላይ ይመጣል ብዬ ነው ያሰመርኩት።

ረቡዕ አመሻሽ ላይ አጎቴ የእሜቴን ጫማ አድርገው ሁለተኛ ቀናቸውን ዞረው ገቡ። በሳፋ ውሃ እግራቸውን ሲታጠቡ ፎጣ አቀበልኳቸው። ቀኝ እግራቸውን አንስተው ግራ ጉልበታቸው ላይ ሲያሳርፉ፣ ከአውራ ጣታቸው ሥር፣ በውስጥ እግራቸው ላይ፣ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ውሃ የቋጠረ ቦታ አየሁ። ውሃው ጥርት ያለ አልነበረም፤ ደም ተቀላቅሎበታል።

«ጋሼ፣ ውስጥ እግርዎ ውሃ ቋጥሯል።»

«የኔ? የት?»

በጣቴ አመለከትኳቸው። መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው፣ የሌላ ሰው እግር ታቅፈው የተቀመጡ ይመስል አተኩረው አዩት። ከዚያ ሳቁ።

«ያ የእሜቴ ጫማ ክፉ ነው ለካ! እኔን እንዲህ ካደረገ እሷን አጥንቷን ያስቀራት ነበር።»

«አላመመዎትም?»

«ቅንጣት ታህል። ካላመመ ደግሞ ምን ቁስል ይባላል?»

እትዬ ከውስጠኛው ክፍል ብቅ ብለው ጎንበስ አሉና አዩት። «ነገ ጤና ጣቢያ ደርሰህ ብትገባ ምን አለበት?»

«ለዚህች? ሐኪሙ ራሱ ይስቅብኛል።»

በዚህ ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ገጹ ዓይኔ ላይ ነበር፤ ያሰመርኩበት መስመር ሳይቀር። አፌን ከፍቼ፣ «መጽሐፉ ላይ ምናልባት... ስኳር ያለበት ሰው...» ብዬ ጀመርኩ።

«ፈተናህ መቼ ነው?» አሉኝ።

«ሰኞ።»

«በል ለሰኞ አጥናው። እኔ ላይ አትለማመድብኝ።»

እትዬ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ስለዚያ ምሽት ከማስታውሰው ሁሉ የሚከብደኝ ይኸው ሳቅ ነው። ምናልባት ትክክል አይደለሁም፣ ምናልባት ያነበብኩት ስለ ሌላ ዓይነት በሽተኛ ነው፣ ምናልባት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆኖ ሽማግሌ ማስፈራራት ነውር ነው እያልኩ ለራሴ ምክንያት ደረደርኩ። አጎቴ እጃቸውን ታጥበው፣ መርፌውን በአልኮል ጠርገው፣ ከጠርዙ ወጋ አድርገው፣ ቆዳውን ሳይልጡ በፕላስተር ሸፈኑት። ለእሜቴ ካስተማሩት አንድም አላጓደሉም። ሐሙስና ዓርብም ያንኑ ጫማ አድርገው ወጡ።

ቅዳሜ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። እሜቴ ናት፤ በእጇ ፌስታል ይዛለች። ጫማዋን ዓርብ ከሥራ መውጫ ላይ ተረክባ ነበር። «ግቢ» ብንላት ደፉ ላይ ቆማ ቀረች።

«ጋሼ አሉ?»

«አለሁ፣ ምነው? ጠበበሽ እንዴ?» አሉ አጎቴ ከአልጋቸው ጠርዝ ላይ። ከሌሊቱ ጀምሮ ብርድ ብርድ ብሏቸው ጋቢያቸውን ደርበው ነበር።

እሜቴ ገባችና ጫማውን ከፌስታሉ አውጥታ ወለሉ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ የቀኝ እግሩን አንስታ ወደ እኔ ዘረጋችው። «እጅህን አስገባ። ቀስ ብለህ።»

አስገባሁ። የውስጡ ሶል እርጥብ ነበር፤ ሲነኩት ይጣበቃል። ከአውራ ጣት ሥር የሚያርፍበት ቦታ ላይ፣ ፋብሪካ ውስጥ የፈሰሰና የደረቀ ማስቲሽ እንደ ጥርስ ሾሎ ቆሟል። ጣቴን ሲነካኝ ሳላስበው እጄን ሰበሰብኩ።

«እኔ ጠዋት እግሬን ከትቼ ሁለት እርምጃ አልሄድኩም፤ ጮኼ ነው ያወለቅሁት» አለች እሜቴ። ድምጿ ከወትሮው አነስ ብሎ ነበር። «እርስዎ እንዴት አራት ቀን ሄዱበት?»

«አላመመኝም» አሉ አጎቴ። ይህን ቃል ስንት ጊዜ ሲሉት ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ቀስ ብለው ሲሉት ግን አልሰማሁም።

ያን ጊዜ መጽሐፉ ላይ ያነበብኩትን አንድ ነገር አደረግሁ። ተንበርክኬ ካልሲያቸውን አወለቅሁ። ፕላስተሩ ጠቁሯል፤ በዙሪያው ያለው ቆዳ ቀልቶ እስከ እግራቸው ጀርባ ድረስ አብጧል፤ ሽታ ነበረው። እትዬ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። እርሳሴን አንስቼ የላጲሱን ጫፍ አዘጋጀሁ።

«ጋሼ፣ ዓይንዎን ይጨፍኑ። ጣትዎን በዚህ ስነካ ይንገሩኝ።»

«ጨዋታ አማረህ?» ቢሉም ጨፈኑ።

ትንሿን ጣት ነካሁ። ቀጥሎ ያለችውን ነካሁ። አውራ ጣታቸውን ጫን አድርጌ ነካሁት። 

«ጀምር እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» አሉ አጎቴ ዓይናቸውን እንደጨፈኑ።

እሜቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። እኔ እርሳሱን ይዤ ቀረሁ። ምላሼን ሲያጡ ዓይናቸውን ገለጡና መጀመሪያ እኔን፣ ከዚያ እትዬን፣ ከዚያ ጣታቸው ላይ የነበረውን እርሳስ አዩ።  «ጫማዬን አቀብለኝ» ብቻ አሉ፤ ወዲያው ደግሞ፣ «ተወው፣ ነጠላ ጫማውን ስጠኝ» አሉ።

በዚያው ቀን ሆስፒታል ገቡ። ሐኪሟ ቁስሉን ከፍታ አየችውና መመርመሯን ሳታቋርጥ ጠየቀች።

«መቼ ነው የጀመረው?»

«ረቡዕ ነው ያየነው» አልኩ። «መቼ እንደጀመረ ግን አናውቅም።»

«ረቡዕ አይታችሁት ዛሬ ቅዳሜ ነው» አለች። አልተቆጣችም፤ የቀን መቁጠሪያ የምታነብ ያህል ነበር የተናገረችው። እኔ ግን ከቁጣ ይልቅ እሱ ከበደኝ።

መመርቀዙ ወደ አጥንቱ ዘልቋል ተባለ። ሰባት ቀን በደም ሥራቸው መድኃኒት ወሰዱ፤ ሁለት ጊዜ ቁስሉን ጠረጉላቸው፤ በመጀመሪያ ሁለት ጣት፣ በኋላ ሦስት ጣት ጠቆረ። እሜቴ በየቀኑ ከሥራ መልስ ትመጣለች፤ የአጎቴን ሰፈር ደርባ እንድታነብ ተመድባለች። አንድ ቀን ከመኝታ ክፍሉ በር ላይ ሁለቱ ሴቶች ሲጨቃጨቁ አገኘኋቸው።

«የኔ ጫማ ነው የበላቸው፤ እዳው የኔ ነው» ትላለች እሜቴ።

«ባሉ ያንቺ ነው እንዴ? ባሌ ነው፤ ጥፋቱንም ለኔ ተዪልኝ!» ይላሉ እትዬ። «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አብሬው ስተኛ አንድም ቀን ውስጥ እግሩን ገልብጬ አላየሁም።»

«እኔ እኮ ጫማውን መጀመሪያ በእጄ ዳብሼው ቢሆን...»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ!» አሉ አጎቴ ከአልጋቸው። «እግሩ የኔ ነው። ለቅሶውን ስትካፈሉ ለኔም አስቀሩልኝ።»

እኔ ከሁለቱ ኋላ ቆሜ ነበር። ተራዬ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሦስተኛ ጥፋተኛ ሆኜ መግባት ራሱ ድፍረት መሰለኝና ሳልናገር ቀረሁ።

በስምንተኛው ቀን ሐኪሟ ወረቀት ይዛ መጣች። መድኃኒቱ እንዳልያዘ፣ ትኩሳቱ እንዳልወረደ፣ ነገሩ ወደ ላይ እየወጣ መሆኑን አስረዳቻቸው፤ ፈቃደኛ ከሆኑ እንዲፈርሙ፣ ለማሰብ ደግሞ እስከ ከሰዓት ድረስ ጊዜ እንዳላቸው ነገረቻቸው። አጎቴ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ «እግሬን ይዤ እሞታለሁ» ብለው መልሰዋታል። አሁን ግን እሷ ስትወጣ ወረቀቱን አንስተው ዘረጉት፤ መነጽራቸው ቤት ቀርቷል። ለባለቤታቸው ሊሰጡ ሲሉ እትዬ እጃቸውን ሰበሰቡ።

«አንተ አንብብልኝ» አሉኝ።

ወሰድኩት። ጽሑፉ በጥንቃቄ የተጻፈ ነበር፤ «የቀዶ ሕክምናው ዓላማ»፣ «ሊከሰቱ የሚችሉ ጉዳዮች» የሚል። መቁረጥ የሚለው ቃል ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ነበር። እዚያ ስደርስ ድምፄ ራሱ ሊያልፈው ፈለገ። ሁለት መስመር ዘልዬ ባነብ የሚያውቅ አልነበረም፤ ሐኪሟ በለሰለሰ ቃል ነግራቸዋለች፤ እሳቸውም የሚሰሙት ከኔ ብቻ ነው። በሳቅ ያሳለፍኩት ረቡዕ ግን ፊቴ ተደቀነ።

«ቀኝ እግር ከጉልበት በታች ይቆረጣል» ብዬ አነበብኩ።

«ከጣቶቹ አይደለም?»

«አይደለም ጋሼ። ከጉልበት በታች።»

«ባልፈርምስ?»

«ሊሞቱ ይችላሉ። እሱም ተጽፏል።»

 እትዬ ያለ ድምፅ ያለቅሱ ነበር። «አንተ ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» ሲሉኝ ከልማዴ ውጭ ወዲያው መለስኩ፤ «እፈርማለሁ» አልኩ። እስክሪብቶ ጠየቁኝ። ፊርማቸው ከመስመሩ ወጥቶ ወደ ጎን ተንሸራተተ።

ይህ ከሆነ ስድስት ወር አልፎታል። መሥሪያ ቤቱ በመዝገብ ክፍል ተቀምጠው የሚሠሩበት ወንበር እንደሚሰጣቸው ቃል ገብቷል፤ ወንበሩ ግን እስካሁን አልተገኘም። እሜቴ የተበላሸውን ጫማ ለንብረት ክፍል ስትመልስ «ያገለገለ ስለሆነ አንቀበልም» አሏት። የሚያላምድ ሰው ስለሌለ አዲስ አንባቢዎች አሁን በየራሳቸው ጫማ ያነክሳሉ። አጎቴ ክኒናቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ፤ በሁለት ምርኩዝ ከአልጋቸው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ አልጋቸው ይመላለሳሉ። የሰውነታቸው ክብደት በሙሉ በግራ እግራቸው ላይ አርፏል። ግራውም አይሰማውም።

በየቀኑ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወንበር አስጠግቼ እግራቸውን ጭኔ ላይ አሳርፋለሁ። በጣቶቹ መካከል አደርቃለሁ፤ ተረከዙን፣ ውስጡን፣ ጥፍሮቹን አያለሁ፤ ጫማቸው ውስጥ እጄን ከትቼ እዳብሳለሁ። መጀመሪያ ላይ ያፍሩ ነበር። አሁን ጋዜጣ እያነበቡ «አለ?» ይሉኛል፤ «የለም» እላቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ማክሰኞ ከተረከዛቸው በስተውጭ የምስር ክክ የምታህል ቅላት አየሁ። ውሃ አልቋጠረችም። ስጫናት ነጣ ብላ ተመልሳ ቀላች። ምናልባት የወንበሩ እግር ነክቷቸው ይሆናል፤ ምናልባት የካልሲው ስፌት። ምናልባቶቹን ሁሉ አፌ ውስጥ ያዝኳቸው።

«አለ» አልኳቸው።

ጋዜጣቸውን አጠፉ። ፊታቸው ላይ ያየሁትን ነገር ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም። ቆይተው እትዬን ጠሩና ምርኩዞቹን ከአልጋው ሥር እንዲያስገቡላቸው፣ ጠዋት ለሆስፒታል ታክሲ እንዲጠሩላቸው ነገሯቸው። በማግስቱ በታክሲ ሆስፒታል ደርሰው ከመመለሳቸው በቀር፣ ግራ እግራቸው እንዲያርፍ ብለው ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ በሩ እንኳ አልሄዱም፤ ዛሬ ዘጠነኛ ቀናቸው ነው።